ለባቡር ሲሙሌተር እውነተኛ ማንሻና የቀጥታ ዳሽቦርድ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

የባቡር ሲሙሌተር በኪቦርድም ይነዳል፣ አብዛኛው ሰው የሚነዳውም እንደዛ ነው። ግን ባቡር መንዳት ማለት በአብዛኛው ፍሬን መያዝ ማለት ነው፣ በፍጥነት እየሄደ ያለ ከባድ ባቡር ፍሬን ከተያዘበት እስከሚቆምበት ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፣ እና ያን ርቀት ሙሉ ትንሽ ጨመር ትንሽ ቀነስ እያደረጋችሁ፣ ግፊቱን ጌጅ ላይ እያያችሁ ነው ፕላትፎርሙ ላይ ልክ ቦታው ላይ የምታቆሙት። ይሄ ስሜት ሁለት ቁልፍ በመጫን አይገኝም። ስለዚ ሰው ማንሻ ይፈልጋል፣ ማንሻ ካገኘ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አጥፍቶ ቀስት ያለው ጌጅ፣ የሚበራ መብራት፣ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል።

ምርጫው ግን በጣም ያደናግራል። የተዘጋጀ ልገዛ? የአውሮፕላን ማንሻ ይሰራል? ራሴ ልስራ? ከተፈታ ሎኮሞቲቭ ላይ የወጣ ኦሪጅናል አገኘሁ፣ ይገጠማል? ዳሽቦርዱስ ታብሌት ላይ ይሁን ወይስ እውነተኛ ጌጅ? እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ብዙ ሰው መጀመሪያ እቃ ይገዛል፣ ከዛ ጌሙ ይቀበለው አይቀበለው ብሎ ይጨነቃል። መጀመሪያ ጌሙ ከውጭ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚያወጣ እዩ፣ ቀጥሎ በብዛት የምትነዱት ባቡር ማንሻው እንዴት እንደሚሰራ እዩ፣ እቃው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው መመዘኛ ዳታው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ሁለቱም የሚለው ነው። ማንሻ ወደ ጌሙ ይልካል፣ ዳሽቦርድ ግን ከጌሙ ይቀበላል፣ ሁለቱ የተለያየ በር ናቸው። ማንሻ የሚቀበል ጌም ሁሉ ፍጥነትና ግፊት አያወጣም።

ሁለተኛው ማንሻው ያለበትን ቦታ በትክክል ይናገራል ወይስ ቁልፍ ተጫነ ብቻ ነው የሚለው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የማንሻችሁን እንቅስቃሴ ወደ ኪቦርድ ቁልፍ የሚቀይር ፕሮግራም ብትጠቀሙ ጌሙ የሚያውቀው አንድ ጨምር አንድ ቀንስ የሚለውን ነው፣ አንዷ መጫን ካመለጠች እጃችሁ ኖች (የማንሻው እርከን) 4 ላይ ሆኖ ባቡሩ ኖች 3 ላይ ይቀራል፣ ከዛ በኋላ በየጊዜው እየተራራቀ ይሄዳል። ማንሻው 60 ፐርሰንት ላይ ነኝ ብሎ ቀጥታ ካሳወቀ ግን አይዛነፍም።

ሶስተኛው የማንሻው ጸባይ ከባቡሩ ጋር መግጠሙ ነው። የአሜሪካ ዲዝል ጋዙ 8 ኖች አለው፣ የባቡሩ ፍሬንና የሎኮሞቲቩ ፍሬን ለየብቻ ነው። ብዙ የጃፓንና ዘመናዊ የከተማ ባቡር ደግሞ በአንድ እጀታ ወደ አንድ ጎን ጋዝ፣ ወደ ሌላው ጎን ፍሬን ነው። ፍሬን ራሱ ዓይነቱ ብዙ ነው፦ አንዳንዱ እጀታውን ያቆማችሁበት ቦታ ራሱ የግፊቱን መጠን ይወስናል፣ አንዳንዱ የድሮ ቫልቭ አየሩን ስታስወጡ ቆይታችሁ በቃ ስትሉ ወደ መያዣው ቦታ ትመልሱታላችሁ፣ አንዳንዱ ደግሞ ስፕሪንግ አለውና ስትለቁት መሀል ይመለሳል፣ ቦታው ሳይሆን ይዛችሁ የቆያችሁበት ጊዜ ነው የሚቆጠረው። ለመጨረሻው ዓይነት የተላላ ማንሻ ብትገጥሙ አያስኬድም፣ ስፕሪንግ ግዴታ ነው።

አራተኛው መዘግየት ነው፣ ይሄ ሰው ከሚፈራው በታች ነው የሚያስቸግረው። ለፍጥነት ቀስት በሰከንድ 10 ጊዜ ማንበብ በቂ ነው፣ ባቡር ፍጥነቱን ቀስ ብሎ ነው የሚቀይረው። የማስጠንቀቂያ መብራት ግን ወዲያው መብራት አለበት፣ የጀርመኑ ፒዜድቢ (ነጂው ምልክት ካለፈው ባቡሩን በራሱ የሚያስቆም የደህንነት ሲስተም) ላይ የ1000 ኸርዝ ማግኔት ስታልፉ አይቻለሁ የሚለውን ቁልፍ ለመጫን ያላችሁ 4 ሰከንድ ነው፣ ከሱ ላይ ሁለቷን በቀሰስተኛ ዳሽቦርድ ብታጡ ሳትደርሱ ቀርታችሁ ድንገተኛ ፍሬን ሊያዝ ይችላል።

የቀሩት ወጪ፣ የሚወስደው ስራ፣ ሲበላሽ በራስ መጠገን መቻሉ ናቸው፣ እነሱን በየቦታቸው እናያቸዋለን።

መጀመሪያ የጌሙ በር

ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ። እድሜው የገፋ ቢሆንም ለእቃ ገጣሚ በጣም የተመቸ ነው። ጌሙ ፎልደር ውስጥ ፕለጊንስ የሚለው ጋ ሬይልድራይቨር የሚባል ዲኤልኤል (ሌላ ፕሮግራም የሚጠራው የኮድ ፋይል) አለ፣ በ32 ቢትም በ64 ቢትም፣ የናንተ ፕሮግራም የቱ እንደሆነ አይታችሁ አንዱን ትጠራላችሁ። በሱ በኩል የሎኮሞቲቩን ስም፣ የማንሻዎቹን ዝርዝር፣ የእያንዳንዱን የአሁን ዋጋ፣ ትንሹንና ትልቁን ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍም ይቻላል። ሌላው ቀርቶ የሀዲዱ ዳገትነት፣ የጌሙ ሰዓትና ያላችሁበት ቦታ ይወጣል። ከፓይተን የሚጠሩበት ዝግጁ ላይብረሪም ስላለ ፕሮግራም ጀማሪም ይሞክረዋል። አስቸጋሪው ነገር እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ማንሻውን በራሱ ስም መጥራቱ ነው፣ አንዱ ጋ ሬጉሌተር፣ ሌላው ጋ ስሮትል ኤንድ ብሬክ፣ ፍጥነቱም አንዱ በማይል አንዱ በኪሎሜትር። ስለዚ ለየሎኮሞቲቩ ፕሮፋይል መስራት አለባችሁ፣ 5 ሎኮሞቲቭ ለሚነዳ ሰው ቀላል ነው፣ ሁሉንም ልንዳ ለሚል ግን ማለቂያ የለውም።

ትሬን ሲም ወርልድ። ለብዙ ጊዜ የተዘጋ ቤት ነበር፣ ከ5ኛው ጀምሮ ግን የኤችቲቲፒ ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ከጌሙ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) መጥቶለታል። በራሱ አይበራም፣ ጌሙ ሲነሳ ኤችቲቲፒኤፒአይ የሚለውን የማስነሻ ትእዛዝ መስጠት አለባችሁ፣ ከዛ ፖርት 31270 ላይ ይጠብቃል። ሴቭድ ፎልደር ውስጥ አንድ የቁልፍ ፋይል ይፈጥራል፣ ያን ቁልፍ በየጥያቄው ራስጌ ላይ ካልላካችሁ አይመልስላችሁም። መልሱ በጄሰን ነው የሚመጣው፣ ፍጥነቱም በሜትር በሰከንድ ነው፣ ለኪሎሜትር በሰዓት በ3.6 አባዙት። ማንበብም መጻፍም ይቻላል፣ ብዙ ዋጋ ባንዴ ለመውሰድ ሰብስክሪፕሽን የሚባል አለው፣ እሱን ተጠቀሙ፣ 20 ነገር ለየብቻ እየጠየቃችሁ ጌሙን አታጨናንቁት። እዚም የማንሻው ስም ከባቡር ባቡር ይለያያል።

ኦፕን ሬይልስ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ የድሮውን የማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር ይዘት ያስኬዳል። ዌብ ሰርቨር ውስጡ አለ፣ ፖርት 2150 ላይ፣ ብሮውዘር ከፍታችሁ ስትገቡ የመንዳት መረጃ ገጽ ዝግጁ ሆኖ ታገኛላችሁ። በኤፒአዩ ደግሞ የካቢኑን መቆጣጠሪያዎች ከነትንሽና ትልቅ ዋጋቸው ማንበብና መላክ ይቻላል። ሬይልድራይቨር የሚባለውን የተዘጋጀ የባቡር ዴስክም (ወደታች እናየዋለን) ያለ ሌላ ፕሮግራም ያውቀዋል። ሙከራ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፣ ገንዘብ ሳታወጡ ሀሳቡ ይስማማችሁ እንደሆነ ታያላችሁ።

ዙሲ 3። የጀርመን ባቡር ለሚወድ ሰው። የተሰራውም የመንጃ ዴስክ እንዲገጠምለት ታስቦ ነው ማለት ይቻላል፣ በቲሲፒ ፖርት 1436 ላይ ትገናኛላችሁ፣ ሰላምታ ትልካላችሁ፣ የምፈልገው ይሄን ይሄን ነው ብላችሁ ዝርዝር ትሰጣላችሁ፣ ከዛ በኋላ ዋጋው በተቀየረ ቁጥር እሱ ራሱ ይልክላችኋል። እየደጋገሙ መጠየቅ የለም፣ ለማስጠንቀቂያ መብራት ይሄ አሰራር ከሁሉም ይበልጣል። መልእክቱ ጽሁፍ ሳይሆን ባይናሪ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስቸግራል፣ አንዴ ከተጻፈ ግን ሁሉም ባቡር ላይ በአንድ ዓይነት ስም ነው የሚሰራው፣ ይሄን ከትሬን ሲሙሌተር ክላሲክና ከትሬን ሲም ወርልድ ጋር ስታስተያዩት ትልቅ እረፍት ነው።

ኦፕንቢቪኢ ደግሞ ለጃፓን ዓይነት አነዳድ ጥሩ ነው፣ የዴንሻ ዴ ጎ (የጃፓን የባቡር ጌም) ኮንትሮለሮችን በፕለጊን ይቀበላል።

አሁን ማንሻዎቹ

*የተዘጋጀ የባቡር ዴስክ።* ሬይልድራይቨር በፒአይ ኢንጂነሪንግ የሚሰራ ነው፣ የአሜሪካ ዲዝል አቀማመጥ አለው፦ አቅጣጫ መቀየሪያ፣ ጋዝና ዳይናሚክ ፍሬን በአንድ ማንሻ፣ የባቡር ፍሬን፣ የሎኮሞቲቭ ፍሬን፣ የዋይፐርና የመብራት ማዞሪያ፣ 28 ፕሮግራም የሚደረጉ ቁልፎች፣ ባለ 3 አሃዝ የፍጥነት ማሳያ። ጠንካራ ጎኑ ሰክቶ መንዳት ነው። ሳይታወቅ የሚቀረው ነገር ዊንዶውስ ላይ እንደ ተራ ጆይስቲክ አለመታየቱ ነው፣ ማለትም ጌሙ ራሱ ካላወቀው ወይም አገናኝ ፕሮግራም ካላስገባችሁለት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሲጀመር ካሊብሬሽን ግዴታ ነው፣ እያንዳንዱን ማንሻ ጫፍ እስከ ጫፍ አድርሳችሁ። ቅርጹ የአሜሪካ ስለሆነ የአንድ እጀታ ባቡር ለሚነዳ ሰው ግማሹ ማንሻ ስራ ፈት ነው።

*የሌላ ጌም ኮንትሮለር።* ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የአውሮፕላን ስሮትል ኳድራንት፣ ለምሳሌ የሎጂቴኩ 3 ማንሻ አለው፣ እንደ ተራ ጆይስቲክ አክሲስ ስለሚታይ ከማንኛውም አገናኝ ፕሮግራም ጋር ይግባባል። ጋዝ፣ የባቡር ፍሬን፣ የሎኮ ፍሬን ብላችሁ ትከፋፍሉታላችሁ፣ ለገንዘቡ የሚሰጠው ብዙ ነው፣ እኔ ለአብዛኛው ጀማሪ የምመክረው ይሄን ነው። የሚጎድለው የኖች ስሜት ነው፣ ማንሻው ልሙጥ ስለሆነ 4 ላይ ነኝ 5 ላይ በእጅ አይታወቅም፣ ጌጅ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የዙይኪ ማስኮን ነው፣ ለኔንቴንዶ ስዊች ዴንሻ ዴ ጎ የተሰራ፣ በዩኤስቢ ፒሲ ላይም የሚታይ፣ በአንድ እጀታ 5 የጋዝ፣ 1 ባዶ፣ 8 የፍሬን እና 1 የድንገተኛ ፍሬን እርከን አለው። እርከኑ በእጅ ቁጭ ቁጭ ሲል ይሰማል፣ ለጃፓንና ለአንድ እጀታ ባቡር የተሻለ በትንሽ ገንዘብ አይገኝም። ግን ፍሬኑ እርከን ብቻ ስለሆነ የፍሬን ቧንቧ ግፊት በጥቂት በጥቂቱ ለሚቀንስ የጭነት ባቡር አይመችም። የአሜሪካ ጭነት ላይ ቧንቧው በ90 ፒኤስአይ ተሞልቶ የመጀመሪያዋ ቅነሳ 6 ወይም 7 ፒኤስአይ ናት፣ ሙሉው ደግሞ 26 አካባቢ፣ በዛ መሀል ያለችውን እያንዳንዷን ፒኤስአይ መምረጥ መቻል ነው የሚፈለገው።

*ራስ የሚሰራ።* እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚፈራውና ከሁሉም ብዙ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሰሌዳውን ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን ቺፑን እዩ። አርዱዊኖ ሊዮናርዶና ፕሮ ማይክሮ ላይ ያለው ኤቲሜጋ32ዩ4 ራሱ ዩኤስቢ ስላለው ኮምፒውተሩ ጋ እንደ ጆይስቲክ ይታያል። ኡኖ፣ ናኖና ሜጋ እንደተገዙ ይሄን አያደርጉም፣ በሲሪያል ብቻ ነው የሚያወሩት፣ አገናኝ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። በጣም የምወደው ነገር ሊዮናርዶ በአንድ ገመድ ሁለቱንም ባንዴ መሆን መቻሉ ነው፦ ማንሻው እንደ ጆይስቲክ ይሄዳል፣ የጌጁ ዳታ ደግሞ በሲሪያል ይመለሳል። ፍጥነቱ አያሳስባችሁ፣ በ115200 ቦድ ባለ 20 ባይት መልእክት ከ2 ሚሊሰከንድ በታች ነው የሚያልፈው። ራስበሪ ፓይ ፒኮ በ12 ቢት ስለሚያነብ ከ0 እስከ 4095 ይሰጣል፣ የሊዮናርዶው 10 ቢት ከ0 እስከ 1023 ነው፣ ግን ፒኮ በ3.3 ቮልት ነው የሚሰራው፣ 5 ቮልት ወደ ፒኑ እንዳትልኩ፣ የአናሎግ ግቤቱም 3 ብቻ ነው። ኢኤስፒ32 በዋይፋይ ገመድ የሌለው ዳሽቦርድ ለመስራት ቆንጆ ነው፣ ዋይፋይ ሲበራ ግን ኤዲሲ2 (ሁለተኛው የአናሎግ ማንበቢያው) ላይ ያሉትን ፒኖች ለማንሻ ማንበቢያ መጠቀም አይቻልም።

ሰንሰሩ ላይ ሁለት መንገድ አለ። ፖቴንሽዮሜትር ርካሽ ነው፣ ሊኒየር የሚባለውን ውሰዱ፣ ለድምጽ የሚሰራው ዓይነት ማንሻ ላይ ሲገጠም ግማሹ መንገድ ላይ ትንሽ ብቻ ይቀየርና ከዛ ድንገት ይዘላል። አንድ ሂሳብ አስቀድማችሁ ስሩ፦ ፖቴንሽዮሜትሩ 300 ዲግሪ የሚዞር ሆኖ ማንሻችሁ 60 ዲግሪ ብቻ ቢንቀሳቀስ ከ1023ቱ የምታገኙት 205 ያህል ብቻ ነው። ለጋዝ ይበቃል፣ ለፍሬን ግን ኤሌክትሪኩ ራሱ 2 ወይም 3 ስለሚዋዥቅ ቀስቱ ይንቀጠቀጣል፣ በጥርስ ማርሽ ዙረቱን አባዙት ወይም ኤኤስ5600 ተጠቀሙ። እሱ ማግኔት የሚያነብ ሰንሰር ነው፣ 12 ቢት፣ ምንም የሚነካካ ነገር ስለሌለው አያልቅም። አንድ ችግር አለበት፣ የአይቱሲ (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት መስመር) አድራሻው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ማንሻ በአንድ መስመር ላይ አይቀመጥም፣ ወይ መቀያየሪያ ቺፕ ጨምሩ ወይ በአናሎግ ውጤቱ ተጠቀሙ።

ሶፍትዌሩ ላይ አንዲት ነገር እንዳትረሱ። ጌሙ ሲከፈት ባቡሩ ፍሬን ተይዞ ይነሳል፣ የናንተ ማንሻ ደግሞ ትናንት የተዋችሁት ቦታ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ወዲያው የማንሻውን ዋጋ ከላከ ባቡሩ ሳታስቡት ይለቀቃል። ማንሻው ጌሙ ያለበትን ዋጋ እስኪደርስ ድረስ ምንም እንዳይልክ አድርጉት፣ ሲገናኙ ይያያዛሉ። ይሄን ለማድረግ ግን ጌሙ ዋጋውን ማስነበብ አለበት፣ ለዚህ ነው የጌሙ በር ይቅደም ያልኩት።

*ከእውነተኛ ባቡር የወጣ።* ክብደቱ፣ የብረቱ ድምጽ፣ ኖቹ ሲገባ የሚሰማው ምት፣ ይሄን የሚተካ የለም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። የነዚህ ኮንትሮለሮች ሆድ ውስጥ ካም የሚገፋቸው ኮንታክቶች ናቸው ያሉት፣ የተሰሩትም ለአሜሪካው 74 ቮልት ወይም ለአውሮፓ 110 ቮልት ዲሲ ነው። በአርዱዊኖ ውስጣዊ ፑልአፕ ብቻ ብታነቡት የሚያልፈው ከአንድ ሚሊአምፒር ሩብ አይበልጥም፣ የቆየ ኮንታክት ላይ ያለውን የዝገት ሽፋን ሰብሮ አያልፍም፣ አንዴ ያነባል አንዴ ይስታል። 1 ኪሎኦም የውጭ ሬዚስተር አድርጉ፣ 5 ሚሊአምፒር ይሰጣችኋል፣ አሁንም ካስቸገረ 24 ቮልት በኦፕቶካፕለር (ሁለቱን ሰርኪት ለይቶ ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር ቺፕ)።

ሽቦውም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ኢኤምዲ የሚባለው የአሜሪካ አምራች ዲዝሎች ላይ 8ቱ ኖች በ4 መስመር ነው የሚነገሩት፣ ኤ ቢ ሲ ዲ ተብለው። ኖች 1 ምንም የለም (ጋዙ ጨርሶ ሲዘጋም እንደዛው ነው)፣ 2 ኤ ብቻ፣ 3 ሲ ብቻ፣ 4 ኤና ሲ፣ 5 ቢ ሲ ዲ፣ 6 አራቱም፣ 7 ቢና ሲ፣ 8 ኤ ቢ ሲ፣ ዲ ብቻውን ሲሆን ሞተሩን ማጥፊያ ነው። በ4 ዲጂታል ፒን ያለ ምንም ፖቴንሽዮሜትር ከ2 እስከ 8 ያለውን እውነተኛ ኖች ታነባላችሁ፣ ኖች 1ን ከተዘጋ ጋዝ ለመለየት ግን አንድ ተጨማሪ ኮንታክት ማንበብ ያስፈልጋል። ማንሻው ከኖች ወደ ኖች ሲያልፍ ኮንታክቶቹ እኩል ስለማይነኩ መሀል ላይ የተሳሳተ ኖች ይታያል፣ ስለዚ ዋጋው 20 ሚሊሰከንድ ያህል ሳይቀየር ሲቆይ ብቻ ተቀበሉት።

የፍሬን ቫልቭ ከሆነ አየሩን እርሱት፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ማግኔት ለጥፉና በኤኤስ5600 አንብቡት። ከጤና አንጻር አንድ ከባድ ነገር፦ የድሮ ከፍተኛ ቮልቴጅ ኮንትሮለሮች ብልጭታ መከላከያቸው አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ግራጫ ሰሌዳ ወይም ጭረት ነገር ካያችሁ አትቦርሹ፣ አትቁረጡ፣ በአየር አትንፉ፣ ለባለሙያ ስጡ።

የቀጥታ ዳሽቦርድ

ስልክ ወይም ታብሌት ቀላሉ ነው፣ አሮጌ ታብሌት ካላችሁ ወጪው ዜሮ ነው። ኦፕን ሬይልስ ላይ ገጹ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፣ ሌሎቹ ላይ የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ያን ፖርት መፍቀዱን እዩ፣ ብዙው አልሰራም የሚባለው ነገር እዛ ጋ ነው የሚያልቀው። ዋይፋዩን ፈቅዳችሁ ወደ ኢንተርኔት ግን አትክፈቱት፣ የጌሙን ማንሻ የሚያንቀሳቅስ በር ነው። ሁለተኛ ሞኒተር ዴስኩ ውስጥ ተቀብሮ ሲገጠም በተለይ ለዘመናዊ ስክሪን ካቢን እውነተኛውን ይመስላል፣ ዘመናዊ ባቡር ራሱ ስክሪን ነው ያለው።

ቀስት ላለው ጌጅ ሶስት አማራጭ አለ። ሰርቮ፣ እንደ ኤስጂ90 ያለው፣ ለመግጠም ይቀላል ግን 180 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃል፣ ሲንቀሳቀስም ድምጹ ይሰማል፣ ጸጥ ባለ ክፍል ያናድዳል። ኤክስ27 የሚባለው ስቴፐር የመኪና ዳሽቦርድ ውስጥ የሚገባው ነው፣ 315 ዲግሪ ይሄዳል፣ እርምጃው የዲግሪ ሲሶ ነው፣ ለፍጥነት ጌጅ የምመርጠው እሱን ነው። ያለበትን ስለማያውቅ ግን በተነሳ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ማቆሚያ ገፍታችሁ ከዜሮ አስጀምሩት። ሶስተኛው ተራ የቀስት ቮልትሜትር ነው፣ ከአርዱዊኖ ፒደብሊውኤም ፒን ላይ ቀጥታ ይነዳል፣ ምንም ድምጽ የለውም፣ ፊቱን ፈትታችሁ በወረቀት አዲስ ቁጥር ታትማላችሁ። ለአውሮፓ ፍሬን ቧንቧ 5 ባር ሙሉ ነው፣ 3.5 ላይ ሙሉ ፍሬን ነው፣ ያን ክልል ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉት። ቁጥር ብቻ ከፈለጋችሁ ማክስ7219 በ3 የዳታ ሽቦ 8 አሃዝ ያበራል።

ሰርቮ በርከት ካለ ከአርዱዊኖው ኤሌክትሪክ አትስጡት፣ የራሱ ፓወር ይኑረው፣ ግራውንዱ ግን የጋራ ይሁን። ይሄ ካልተደረገ ቀስቱ ሲነሳ ሰሌዳው ራሱን ያጠፋል።

ባጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ከጌም ጋር መግባባት | እጅ ላይ ያለው ስሜት | ስራው | ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| የተዘጋጀ የባቡር ዴስክ | ጌሙ ካወቀው ጥሩ፣ ካላወቀው አገናኝ ይፈልጋል | ለአሜሪካ ዲዝል ጥሩ | ካሊብሬሽን ብቻ | ከፍ ያለ | ሰክቶ መንዳት ለሚፈልግ |
| የአውሮፕላን ኳድራንት | እንደ ተራ ጆይስቲክ | ልሙጥ፣ ኖች የለውም | ጥቂት | መካከለኛ | ለጀማሪና ለጭነት ባቡር |
| ማስኮን | እንደ ጌምፓድ | ጥርት ያለ እርከን | ጥቂት | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ለአንድ እጀታ ባቡር |
| ራስ የሚሰራ | እንደፈለጋችሁት፣ ሁለት አቅጣጫ | በእጃችሁ ስራ የሚወሰን | ብዙ | ዝቅተኛ፣ ጊዜ ግን ይበላል | ብየዳና ኮድ ለማይፈራ |
| ከእውነተኛ ባቡር | በሰሌዳ በኩል፣ ሁለት አቅጣጫ | ተወዳዳሪ የለውም | በጣም ብዙ | በጣም የሚለያይ፣ ማጓጓዣው ከባድ | አንድ ዓይነት ባቡር ብቻ ለሚወድ |

የትኛው ለናንተ?

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ኦፕን ሬይልስና አሮጌ ታብሌት ይዛችሁ ጀምሩ፣ በኪቦርድ እየነዳችሁ ቀስቱን ታብሌት ላይ እዩት። ስክሪኑ ላይ ያለውን መረጃ አጥፍታችሁ መንዳት ከተስማማችሁ ማንሻ ይገባችኋል ማለት ነው።

ትንሽ በጀት ካላችሁና የምትነዱት ብዙ ዓይነት ከሆነ ኳድራንት። የከተማ ባቡርና ጃፓን ብቻ ከሆነ ማስኮን። ሁለቱም በኋላ ራሳችሁ ከምትሰሩት ጌጅ ጋር አብረው ይኖራሉ፣ የሚባክን ገንዘብ የለም። በጀቱ ኖሮ ጊዜው ከሌለና የአሜሪካ ጭነት ከሆነ ፍቅራችሁ የተዘጋጀው ዴስክ ይሻላል፣ ግን የምትነዱት ጌም እንደሚያውቀው አረጋግጡ።

ጊዜ ላለው ሰው ሊዮናርዶ፣ 2 ማንሻ፣ 1 የፍሬን ጌጅ፣ በዚ ጀምሩ እንጂ ሙሉ ካቢን አታስቡ። የፍሬን ጌጁን ከፍጥነቱ በፊት ስሩት፣ ፍጥነት በመስኮትም ይገመታል፣ ግፊት ግን በጌጅ ካልሆነ አይታወቅም። ፓነሉን ከመብሳታችሁ በፊት ሁሉንም ካርቶን ላይ ገጥማችሁ የተወሰኑ ሙሉ ጉዞዎች ንዱበት፣ እጅ የት መድረስ እንደሚወድ የሚታወቀው ረጅም ሲነዳ ነው። ኦሪጅናል ኮንትሮለር መግዛትም ከዚህ በኋላ ይምጣ፣ ኮዱና ሽቦው በርካሽ እቃ ከተሳካ ከባዱን ብረት መተካት ብቻ ነው የሚቀረው። ዙሲ ነጂ ከሆናችሁ የሲፋ ፔዳልን (ነጂው ንቁ መሆኑን የሚያረጋግጠውን) ከመጀመሪያዎቹ ነገሮች አድርጉት፣ በየ30 ሰከንዱ እግር ማንሳት የምትለምዱት በእግር ብቻ ነው፣ ለመስራትም አንድ ስዊች ናት።

ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ላይ ለምትጫወቱ፣ ከላይ ያሉት በሮች የማስነሻ ትእዛዝ፣ ፋይልና አገናኝ ፕሮግራም ስለሚፈልጉ ፒሲ ላይ ነው የሚሰሩት። እቃ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁ ኮምፒውተር ኦፕን ሬይልስን ያስኬድ እንደሆነ ሞክሩ፣ ከባድ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም።